በአንገት የወጣው ግድግዳ

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ግድግዳ አስተምሯችሁ ያውቃል?

አትቸኩሉ፣ አስቡበት። ስንት ዓመት ፊት ለፊቱ ተቀምጣችኋል? ስምንት? አሥራ ሁለት? ከዚያ በላይ የዘለቃችሁትማ የዕድሜያችሁን እኩሌታ ግድግዳ ስታዩ ነው የፈጃችሁት። ታዲያ ምን ነገራችሁ? ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል እንጂ አፍ አለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ይሰማል፣ ዝም ይላል፣ መንገድ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ጎረቤት ቢኖራችሁ ሰላምታ አትሰጡትም ነበር። እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አልሰጠሁትም።

እኔ ደግሞ ስጠላ እንደ ዋዛ አይደለም። የጋይንት ሰው ነኝ። ያን ሁሉ ዘመን ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ስቀመጥ ብዙ ነገሬ ቀልጧል። ጉልበቴ ቀልጧል፤ ከአገር ቤት የሚላክልኝ ቅቤ ገና ሳይደርስ ይቀልጣል። ቂሜ ግን እንደ ጉና ውርጭ እንዳለ ነው። ቂም ጥሩ ቦታ ካስቀመጡት አይበላሽም።

የምነግራችሁ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ከአርብ ገበያ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስትሄዱ፣ አህያ ካስቀደማችሁ ደግሞ ሁለት ሰዓት፣ ከአንድ ጉብታ ላይ የተቀመጠ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ታገኛላችሁ። መካከለኛ ትምህርት ቤት ነው፤ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ። ሰሞኑን በመኪና እየመጡ የሚጎበኙት፣ በስልክ የሚያነሱት ሆኗል። አንዱ ወጣት ባለሙያ «ፈጠራ ነው» ብሎ አጨበጨበለት አሉ። ፈጠራ! በእኔ ጊዜ ስሙ ጥፋት ነበር። የመጀመሪያዋ ርእሰ መምህርት እኔ ስለነበርኩ ነው የማውቀው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሠርግ ነው። እኛ አገር በሠርግ ያልተጀመረ ታሪክ በተዝካር የተጀመረ ነው።

የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አያ ደምሌ ይባላሉ። ያኔ የጎለመሱ ገበሬ ነበሩ፤ ከማዶ ማሳ ሆነው በሬ ሲገሥጹ የእኛ ተማሪዎች ቀጥ ብለው ይቀመጡ ነበር። የእሳቸው ጉልበት ባይኖር ያ ቤት አይቆምም፤ ይህን አልክድም። ሕዝቡን በደቦ ጠርተው የውጭውን ግድግዳ በድንጋይ አስነሡ፤ ቆርቆሮውን አስመቱ። የቀረው አዳራሹን ለአራት የሚከፍሉት ሦስት ግድግዳዎች ብቻ ነበሩ። ለእነሱ የሚሆነው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ ግቢው ውስጥ ተጋድሟል።

በዚያው ሳምንት አያ ደምሌ ልጃቸውን ዳሩ። ሠርግ ዳስ ይፈልጋል፤ ዳስ እንጨት ይፈልጋል፤ እንጨቱ ደግሞ ሥራ ፈቶ ፀሐይ እየሞቀ ነው። መጥተው «መምህርት፣ ለአራት ቀን ነው» አሉኝ። ውሰዱት አልኩ። ማን እምቢ ይላል? ሠርጉ ላይ እኔም በልቻለሁ።

ሠርጉ አለቀ። እንጨቱ ሊመለስ ሲል ከጎረቤት ተዝካር ደረሰ። የሙት ነገር እምቢ አይባልም። ከተዝካሩ ወደ ክርስትና ሄደ። ከክርስትናው ወደ ሌላ ሠርግ። የአገራችንን ነገር ለማያውቅ ልንገረው፤ አንድ ጊዜ ዳስ የሆነ እንጨት እንደ መነኮሰ ሰው ነው፣ ወደ ዓለም አይመለስም። አንዳንድ እሁድ ድግስ ተጠርቼ ስቀመጥ ከመሶቡ ቀና እልና ምሰሶውን አያለሁ። ይኸ የሰባተኛ ክፍል ግድግዳ አይደለም ወይ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ወጣት ነበርኩ፤ ያኔ ነገር ያስቀኝ ነበር።

መስከረም ደረሰና ያለ ግድግዳ ከፈትን።

የመጀመሪያውን ወር ባላየሁት በወደድኩ። አራት ክፍል፣ አራት መምህር፣ አንድ አዳራሽ። የሒሳቡ መምህር የእስቴ ሰው ነው፤ ከተራራ ተራራ መጣራት የለመደ። እሱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሳይንሱ መምህር ይበልጠዋል፤ የአማርኛዋ መምህርት ደግሞ ከሁለቱ ላለማነስ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ትጮሃለች። በወሩ መጨረሻ ፈተና ሰጠን። አንዱ የስድስተኛ ክፍል ልጅ በታሪክ ወረቀቱ ላይ ምን ብሎ ጻፈ መሰላችሁ? ንጉሡ ጨጓራቸው አራት ነው፣ አገር አስተዳድረው ሲደክማቸው ተኝተው ያመሰኩ ነበር። ለካ ከወዲያ ጥግ ሰባተኛዎች ስለ ላም እየተማሩ ነው። አልፈረድኩበትም። እንዲያውም ካነበብኳቸው የታሪክ መጻሕፍት ብዙዎቹ ይህን ያህል ግልጽ አልነበሩም።

ግን ተስፋ ቆረጥኩ። ዘግቼ ልሄድ አሰብኩ። አንድ ዓርብ ከበሩ ላይ ቆሜ ጩኸቱን ስሰማ መሪጌታ ፍሥሐ ወደ ገበያ ሲያልፉ አዩኝ። መሪጌታ የደብራችን ድጓ አስተማሪ ናቸው፤ እዚያው ጋይንት ባለው የድጓ ቤት፣ ቤተ ልሔም፣ ዓመታት ተቀምጠው የተማሩ። ያኔ ገና ጢማቸው ጥቁር ነበር። ምን ሆነሻል አሉኝ። ይስሙት እንጂ፣ ትምህርት ቤቱ ገበያ ሆነብኝ አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ ቆዩ። የተኙ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ስሕተቱ ጩኸቱ አይደለም አሉ። እሳቸው ቤተ ልሔም ሲማሩ በአንድ ጥላ ሥር አንዱ ዳዊት ይደግማል፣ አንዱ ጾመ ድጓ ያዜማል፣ አንዱ ገና ፊደል ይቆጥራል፤ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ሁሉም በሙሉ ድምፅ። የኔታ መካከል ተቀምጠው ዝም ይላሉ። የተሳሳተው ጋ ሲደርስ ብቻ «ተመለስ» ይላሉ። «እኛ ዘንድ የሚጮኸው ተማሪው ነው፤ መምህሩ ይሰማል» አሉኝ። «እናንተ ገልብጣችሁታል።» ይህን ብለው በርበሬያቸውን ሊገዙ ሄዱ።

ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ስለ ማስተማር ከዚያች አንዲት ንግግር የሚበልጥ አላገኘሁም።

በሰኞው ገለበጥነው። መምህራኑን ዝም አሰኘኋቸው። የእስቴው መምህር ዝም ማለት እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ታመመ። ልጆቹ በአራቱ ማዕዘን፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ መካከል አድርገው ተቀመጡ። ጠዋት ግማሽ ሰዓት ሁሉም ትምህርቱን ጮክ ብሎ ያነባል። ከዚያ ሥራ ነው። የቤተ ክህነቱን ሥርዓት ወስደን የላዩ ክፍል ልጅ የታቹን ይይዛል፤ ስምንተኛው ሰባተኛውን፣ ሰባተኛው ስድስተኛውን። ያላወቀ ይጠይቃል፤ ያወቀ ደግሞ ዝም ማለት አይችልም፤ ልጅ ነዋ።

የሆነውን ብነግራችሁ ተረት ይመስላችኋል። መምህር መቅረት አልቻለም፤ ወንበሩ ባዶ ሲሆን መቶ ምናምን ዓይን ያያል። መምህር ማንቀላፋት አልቻለም። ዱላም ቀረ። የእስቴው መምህር አንድ ቀን አርጩሜውን ሲያነሣ አራቱም ክፍል አንገቱን አዞረና አየው። አርጩሜው አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ጀርባውን አከከበትና አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ለማከኪያ ብቻ ሆነ።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ገበያተኛው ቆሞ ይሰማል። አንዱ የስማዳ ሰው በግ ሊሸጥ ወጥቶ ስለ ደም ዝውውር ሲሰማ ውሎ በጉን ይዞ ተመለሰ። ሚስቱ በሌላው ዓርብ እኔን ልትከስ መጣች፤ እሷም ቆማ ቀረች።

ይታይሽ የምትባል የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነበረችን። ጥርሷ ገና ያልሞላ፣ አፏ ግን የሞላ። የስምንተኛው ክፍል ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱ ከአምስተኛው ጥግ ይመጣል። ተቀመጪ ስንላት ተቀምጣ ትመልሳለች። ዝም በይ ስንላት በጣቷ ታሳያለች።

አያ ደምሌም ይመጡ ነበር። ኮሚቴ ነኝ፣ ልቆጣጠር ነው ይላሉ፤ ከኋላ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ፊደል አያውቁም ነበር። አንድ ቀን በከዘራቸው ጫፍ መሬቱ ላይ የሆነ ነገር ሲሞነጭሩ አየሁ። ቀረብ ብዬ ሳይ «ደ» ነው። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ። በሌላው ቀን «ም» ተጨመረ። የቀረውን እኔ ራሴ እጃቸውን ይዤ አስጨረስኳቸው። በጣት አሻራ የኖሩ ሰው በስማቸው መፈረም ጀመሩ። ደስ ብሏቸው የቤታቸውን በር በከሰል ፈርመውበታል። ይህን ፊርማ አትርሱት።

በሦስተኛው ዓመት ከላይ አንድ ሰው መጣ። ከየትኛው ላይ እንደሆነ አልናገርም፤ እኛ ከበላያችን ያለው ንፋስ ብቻ ይመስለን ነበር። ገባ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ግድግዳው የት አለ አለ። ልፈትን ብሎ ስምንተኛ ክፍልን ስለ ሦስት ማዕዘን ስፋት ጠየቀ። መልሱ ከአምስተኛው ጥግ መጣ። ይታይሽ እርሳሷን እየቀረጸች፣ ቀና እንኳ ሳትል ነው የመለሰችው። ሰውዬው እየተቀለደበት መሰለው። ደብተሩ ላይ «ሥርዓት አልበኝነት» ብሎ ጻፈ፤ እኔ በቁሜ አነበብኩት።

ከዚያ ከበሩ ላይ ቆመው የነበሩትን መሪጌታን ጠየቀ። ይህ አሠራር ልክ ነው ወይ? መሪጌታ ጣራውን አዩ፣ ከዚያ ውጭውን አዩ፣ «እኔ የቤተ ክህነት ሰው ነኝ፤ በአስኳላ ነገር አልገባም» አሉ።

በመጨረሻ ለግድግዳ ተቆርጦ የነበረው እንጨት የት ደረሰ ብሎ አያ ደምሌን ያዛቸው። እንጨቱ ያን ቀን እንኳ አንድ ልደት ላይ ነበር። አያ ደምሌ ላብ ላብ አላቸው። «መምህርት ናቸው ግድግዳ አያስፈልግም ያሉ» አሉ። ሰውዬው ጻፈውና ወረቀቱን ዘረጋላቸው። ፈረሙ። በጣት አይደለም፤ በስማቸው። «ደ»፣ «ም»፣ «ሌ»፤ ቁልጭ ባለ ፊደል። እጃቸውን ይዤ ያስተማርኩት ፊርማ የመጀመሪያ ሥራው እኔን መክሰስ ሆነ። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ የሚባለው ሲጎርሱ ነው፤ እኔ ግን እሳቸው ገና እያኘኩ ሳሉ ተነከስኩ።

ውሸት ቢሆን ኖሮ እኮ አይቆጨኝም። ግድግዳ አያስፈልግም ብዬ ነበር። እውነቱን ነው የተናገሩት፤ የተናገሩት ግን እንጨታቸውን ለመሸፈን ነው። ከውሸት የሚያመው እንዲህ ያለው እውነት ነው።

በሳምንቱ ግድግዳው ተሠራ። እንጨት ስለሌለ በድንጋይና በጭቃ። ማን ሠራው? ያው ሕዝብ፣ በደቦ፣ እየዘፈነ። ደቦ ከተጠራ የእኛ ሰው ምን እንደሚሠራ አይጠይቅም፤ ጠላው መጥመቁን ብቻ ነው የሚያጣራ። ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ቀለም ቀቡት። እኔ ሳጥኔን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ እስኪያልቅ አየሁ። ከዚያ ከመመሪያ ውጭ ሠርታለች ተብዬ ድሬዳዋ ተላክሁ። ቅጣት መስሏቸው አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጣሉኝ። ዝንጀሮን ዳቦ ቤት እንደ ማሰር ነው። ጡረታ እስክወጣ አነበብኩ። አንድ ቀን ከባሕር ማዶ በመጣ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ግድግዳ የሌለው ትምህርት ቤት ሥዕል አየሁ። አዲስ ግኝት ይለዋል። ልጆቹ ፊታቸውን ወደ መካከል አዙረው ተቀምጠዋል። መጽሐፉን ከደንኩና ቀና ብዬ የእኛን ስምንተኛ ክፍል ጥግ በዓይኔ ፈለግሁ። የለም። ያን መጽሐፍ እስከ ዛሬ ከመደርደሪያው ጀርባ እንደደበቅሁት ነው።

እንግዲህ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይህን ይዤ ስኖር አምና ስልኬ ጮኸ። «ቲቸር፣ ይታይሽ ነኝ። ያቺ አፈ ፈጣኗ።» ርእሰ መምህርት ሆናለች። ለካ ጥርሷ ሞልቷል። ሁለት ነገር አለችኝ። አንደኛ፣ ክፍሎቹን ክፍት አድርጉ፣ ልጆቹ ተያይተው ይማሩ የሚል አዲስ ነገር ከላይ መጥቷል፤ ግድግዳው ግን በንብረትነት ስለተመዘገበ ያለ ፈቃድ አይፈርስም፤ ፈቃድ ይሰጠን ያልነው ደብዳቤ ከወጣ ሁለት ክረምት አልፎታል። ሁለተኛ፣ አያ ደምሌ ታመዋል። ሰማንያን አልፈዋል፤ እህል አይቀምሱም። መቁረብ ይፈልጋሉ፤ የንስሐ አባታቸው ግን መጀመሪያ የበደልካትን ሴት ይቅር አስብል ብለዋቸዋል። ሳይታረቁ እንዳይሞቱ ይምጡልን አለችኝ።

ይቅር ልል አይደለም የሄድኩት። ልብ በሉ። ሰውዬው ሲለምኑ ለማየት ነው የሄድኩት።

ንፋስ መውጫ ከሚኒባስ ስወርድ ንፋሱ ነጠላዬን ወስዶ አንድ ባጃጅ ላይ ሰቀለው። እንኳን ደህና መጣሽ ማለቱ ነው። በማግስቱ ይታይሽ ቤት ደርሼ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ አያ ደምሌ ከበሩ ላይ ናቸው። አልጋ ላይ ተኝተው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ በሁለት ሰው ተደግፈው መጥተዋል። ጋቢ ለብሰው፣ ጎንበስ ብለው፣ እንደ አገሩ ልማድ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው። በዳይ እንዲያ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው፤ ተበዳይ «ይቅር ለእግዜር» ስትል ነው ድንጋዩ የሚወርደው። ካላለች ተሸክሞ ተመልሶ ሌላ ቀን ይመጣል። ከጎናቸው መሪጌታ ፍሥሐ ጢማቸው ነጭቶ ቆመዋል። የሽምግልናውን ቃል ጀመሩ። አልሰማኋቸውም። ድንጋዩን ነበር የማየው። አንድ ጎኑ ሰማያዊ ነው።

ይህን ድንጋይ ከየት አመጡት አልኩ። አያ ደምሌ እንዳጎነበሱ፣ «ከቅርብ ነው መምህርት። በሰማንያ ዓመቴ ከወንዝ ልሸከም ኖሯል?» አሉ። ለካ ከቤታቸው ሲመጡ መንገዱ በትምህርት ቤቱ ነው። የግድግዳው አናት ጭቃው ረግፎ ስለላላ ደጋፊዎቻቸው ቀላሉን አንሥተው ጫኑባቸው።

አየሁት። ሠላሳ ምናምን ዓመት የጠላሁት ነገር በአንድ ሽማግሌ አንገት ላይ ወደ እኔ መጥቷል።

«ትንሽ ናት» አልኩ። «ይቅር አልልም።»

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። በመጀመሪያ ቀን እምቢ ማለት ወግ ነው፤ ድንጋይ መመዘን ግን ወግ አይደለም። ወግ ሆነም አልሆነም ድንጋዩን ይታይሽ ግቢ ውስጥ አስወርጄ አባረርኳቸው። በማግስቱ አያ ደምሌ ሌላ ይዘው መጡ፤ በአንድ ሰው ብቻ ተደግፈው። መሪጌታም «እኔም ያን ቀን ዝም ብያለሁና» ብለው አንዲት አክለዋል። እምቢ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ይታይሽ ራሷ፣ ርእሰ መምህርቷ፣ በአፌ ጥፋት ነው ብላ ተሸክማ ከገዛ ቤቷ በር ላይ ቆመች። እሷንም እምቢ አልኩ። ከዚያ ወሬው ገበያ ወጣ።

ለማፍረስ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ማን ፈቃድ አውጥቶ ያውቃል?

ያን ዓርብ የመጣውን ሰው ብታዩ። አንዱ ለግድግዳው ጭቃ ያቦካሁ እኔ ነኝ ይላል። አንዷ የደቦውን ጠላ የጠመቅሁ እኔ ነኝ ትላለች። አንድ ጎረምሳ ያኔ አልተወለድኩም፣ አባቴ ግን ነበሩበት ይላል። የስማዳው ባለ በግ እንኳ ከዚያ ድረስ መጣ፤ ምን እንደበደለኝ ሲጠየቅ ስለማያውቅ አንድ ድንጋይ በባዶ ተሸከመ። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ እንባ አውጥቶ፣ ለደወል የሰቀላችሁትን የመኪና ቸርኬ የሰረቅሁ እኔ ነኝ አለ። ይህን አላውቅም ነበር። ሦስት ድንጋይ ፈረድኩበት። ተማሪዎቹም ተሰለፉ። አንዱ ትናንት ቲቸር አረማመድዎ ላይ ስቄያለሁ አለ። ለእሱ ትልቁን አሳየሁት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኸ ነው። አንዱንም ይቅር አላልኩ።

በሳምንቱ ትምህርት ቤቱን ለማየት ሄድኩ። በአምስተኛና በስድስተኛ መካከል ያለው ግድግዳ የለም። የሁለተኛው ጉልበት ያህል ቀርቷል። ሦስተኛው ገና ነው፤ አናቱ ግን ከአንድ ክንድ በላይ ወርዷል። አንዲት ልጅ ከሰባተኛ ክፍል በኩል አግዳሚ ላይ ቆማ አንገቷን አሻግራ ለስምንተኛ መልስ ትናገራለች። የአያ ደምሌ የልጅ ልጅ ናት፤ የዚያ ሠርግ ፍሬ፣ የመጨረሻዋ። መምህሩ ተቀመጪ ይላታል። እሷ ወርዳ በጣቷ ታሳያለች።

ወጣሁና ከግቢው ጥግ ትንሽ ቆምኩ። ንፋስ ነው ዓይኔን ያስለቀሰው። የዚያ አገር ንፋስ ታዋቂ ነው።

ከላይ ስልክ ተደወለ። ግድግዳውን ማን አፈረሰ? ይታይሽ፣ ማንም አላፈረሰም፣ ሰው እየታረቀ ነው አለች። የደወለው ሰውዬ፣ እርቁ አላለቀም ወይ አለ። ሴትዮዋ እምቢ ብለዋል አለችው። እርቅ ይቁም ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ቢሮ ደግሞ እስካሁን አልተፈጠረም። ድንጋዮቹን ልጆቹ ከይታይሽ ቤት ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ አምጥተው ዙሪያውን መቀመጫ አድርገው ደረደሯቸው፤ ሰማያዊው ጎን ወደ ላይ። ጎብኚዎቹ «ይህ ንድፍ ከየት ነው?» እያሉ የሚያነሱት እሱን ነው።

በወሩ ጉልበቴ ብርዱን አልችል አለ። የምሄድበት ቀን ሁለቱ ግድግዳዎች አልቀው ሦስተኛው እስከ ደረት ቀርቶ ነበር። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ዛሬስ መንገደኛ ናት፣ ትራራለች ብለዋል። አያ ደምሌ መጡ፤ ማንም አልደገፋቸውም። ድንጋዩን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ «መምህርት፣ አንድ ጊዜ ለብቻ» አሉኝና ከበሩ ጀርባ ወሰዱኝ። ይቅርታውን በእንባ ሊጨርሱት ነው ብዬ ልቤን አጠነከርኩ።

«አንቱ ሴት፣ በወንድ ልጅ አምላክ፣ ዛሬ ይቅር እንዳይሉኝ» አሉ በሹክሹክታ።

ምነው አልኩ።

የንስሐ አባታቸው ይቅር እስክትልህ ተሸከም ብለዋቸዋል። ንስሐውን ያልፈጸመ ሰው ደግሞ መካከል ላይ ለሞት አይጠራም፤ እግዜር ሥራ አያስተጓጉልም ባይ ናቸው። «አልጋ ላይ ነበርሁ። ድንጋይ መሸከም ከጀመርሁ እህል በላሁ፣ እንቅልፍ አገኘሁ፣ ትናንት ማሳ ወርጄ የገብሱን ቡቃያ አየሁ። ይቅር ያሉኝ ዕለት ነው የምሞተው። ቁርባኑ ይደርሳል፤ እባክዎን፣ ጨከን ይበሉልኝ።» ይህ በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል አልኳቸው። «እኔ የማነበው የራሴን ስም ብቻ ነው፤ ያስተማሩኝ አንቱ» አሉ።

ወጣን። አጎነበሱ። እንዲህ አምረው ሲያጎነብሱ አይቼ አላውቅም። መሪጌታ፣ በሉ እንግዲህ ይቅር ለእግዜር ይበሉና እንገላገል አሉ። ሰው ሁሉ አፌን ያያል።

«አልልም» አልኩ።

እሜቴ፣ ልብዎ ድንጋይ ነው ወይ ያለ ነበር። አዎ ነው፤ ደግሞ አንድ ጎኑ ሰማያዊ ነው።

አሁን ድሬዳዋ ነኝ። አያ ደምሌ በየሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በልጅ ልጃቸው ስልክ ይደውላሉ። ልብዎ አልራራም ወይ ይሉኛል። አልራራም እላቸዋለሁ። «ተመስገን» ይሉና ይዘጉታል። ሦስተኛው ግድግዳ ሲያልቅስ ትሉኝ ይሆናል። የመምህራኑ ቢሮ ግድግዳ አለው። እሱ ሲያልቅ የዕቃ ቤቱ አለ። ከዚያ በኋላም ጋይንት ድንጋይ አያልቅባትም።

ስለዚህ ሽማግሌ አትላኩብኝ። አያ ደምሌን ይቅር አልልም። መሪጌታንም፣ ይታይሽንም፣ ቸርኬ የሰረቀውንም፣ ከላይ የመጣውንም አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።